ከጅረቱ ማዶ የጠፋው ዱካዋ

ደብዳቤዋ የደረሰው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ፋርማሲስቱ ለአንዲት እናት የሳል ሽሮፕ አወሳሰድ እያስረዳ ሳለ የደኑ መኪና ሾፌር በመስታወቱ በር በኩል ፖስታውን ከፍ አድርጎ አሳየው። እናቱ ገንዘብ መቀበያው ላይ ተቀምጣ ስለነበር ሾፌሩ አልገባም። እንደ ወትሮው ጥግ ይዞ ጠበቀው። ስምንት ወር ሙሉ ደብዳቤ ሲያመላልስ እንዲህ ዓይነቱን ጥንቃቄ ለምዶታል።

ፋርማሲስቱ ፖስታውን ተቀብሎ ወደ ዕቃ ክፍሉ ገባና በካርቶኖቹ መሀል ቆሞ ቀደደው። ደብዳቤዎቿ ሁሌም አጭር ናቸው። ሆዴ፣ ዓለሜ የሚል ነገር አታውቅም። በሳምንቱ ውስጥ ደኑ ውስጥ ያየችውን በየቀኑ ከፋፍላ ትጽፍለታለች፤ ሰኞ ሦስት ድኩላ አየሁ፣ ማክሰኞ ጃርት ሥር ሲቆፍር ያደረበትን ቦታ አየሁ፣ ረቡዕ ዝናብ ስለነበር ምንም አላየሁም። ከታች ግን አንድ መስመር ለእሱ ትተውለታለች። «ቅዳሜ ራቀብኝ» ትላለች፣ ወይም «መንገዱ ጭቃ ነው፣ ተጠንቅቀህ ና» ትላለች። ያቺን አንድ መስመር ለማግኘት ሲል ስለ ጃርት አሥር ገጽ ቢሆንም ያነብ ነበር።

የዛሬው እንዲህ ይላል፦

«ማክሰኞ ሴቷን ነብር አየናት። ሁለት ግልገሎች አሏት። ረቡዕ ከጠዋት ጀምሮ ተኝተን ጠበቅናት። ለማንም አትንገር፤ ቦታውን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን። በዚህ ቅዳሜ ትምህርት ላይኖር ይችላል።»

ከታች ምንም የለም። ወረቀቱን ገለበጠው፤ ጀርባውም ባዶ ነው።

ስለ ነብሯ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። በዚያ ደን ውስጥ ነብር ግልገል ስታሳድግ ያየ ሰው እስከዛሬ የለም፤ እሷ ስንት ዓመት ስትመኘው የኖረችው ነገር ነው። እሱ ግን ነብሯን ዘሏት አለፈ። ዓይኑ የቀረው ሌላ ቦታ ነው። አየናት። ጠበቅናት። ስምንት ወር ሙሉ «አየሁ» ስትል የኖረች ሴት «አየን» አለች። አንዲት ፊደል ናት የተለወጠችው። «ተኝተን» የሚለውን ደግሞ ሦስት ጊዜ መልሶ አነበበው።

ሾፌሩ ገና አልሄደም ነበር። ፋርማሲስቱ ወጥቶ፣ ግድ የሌለው ለመምሰል እየሞከረ፣ ደኑ ውስጥ ምን አዲስ ነገር አለ ብሎ ጠየቀው። ሾፌሩ ወሬ አያስጠይቅም። ከሌላ ደን ተዛውሮ የመጣ አንድ ጠባቂ መኖሩን፣ በሞተር ሳይክል ስለሚመላለስ «ሞተረኛው» እንደሚሉት፣ ሰውየው ቁመናውም ሥራውም የሚያስቀና መሆኑን ነገረው። በመጣ በሁለተኛው ሳምንት አባቷን፣ ልጅዎን ለትዳር እፈልጋታለሁ ብሎ ፊት ለፊት ጠይቋቸዋል። አባትየው ራሷን ጠይቃት ብለውታል። እሷ ምን እንዳለች ግን ሾፌሩ አልሰማም።

«ምን ትለዋለች ብለህ ነው?» አለ ሾፌሩ ሞተሩን እያስነሳ። «ጎረምሳው እንደሆነ ምንም አይወጣለት።»

ፋርማሲስቱ ወደ ውስጥ ተመለሰ። የሳል ሽሮፑን ለጠየቀ ሰው የዓይን ጠብታ ሊሰጠው ሲል እናቱ ከመቀመጫዋ ሆና በስሙ ጠራችው።

ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ቢያስበው ሁሌ ይገርመዋል። ወደ ደኑ የላከችው ራሷ እናቱ ናት። የደኑ ጽሕፈት ቤት ለከተማ ሰዎች በየቅዳሜው የዱር እንስሳትን ዱካ ማንበብ እንደሚያስተምር በተሰማ ጊዜ፣ የእናቱ ወዳጅ ልጅ የሆነችው የጥርስ ሐኪም ልሂድ አለች። እናቱም ብቻዋን እንዳትሄድ ብላ ልጇን አብራ ሰደደችው። እናቱ በልቧ ስታስበው የነበረውን ከእሱ በቀር የማያውቅ አልነበረም። የጥርስ ሐኪሟ ነጭ ሸራ ጫማ አድርጋ ሄደች፤ አንድ ቀን ዋለች፤ በነጋታው እግሯን ውኃ ቋጠረባት፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም። እሱ ቀረ።

አስተማሪያቸው ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ የደን ጠባቂ ነበረች። አባቷም ጠባቂ ነበሩ፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የልጅነት ትምህርቷ እሳቸውን ተከትላ መሄድ ነበር። ስትራመድ ድምጿ ስለማይሰማ ባልደረቦቿ ለቀልድ «ኮቴ» ይሏታል። ስሙ ተለጥፎባት ቀርቷል። የመጀመሪያ ቀን ተማሪዎቿን መሬት ላይ ካንበረከከቻቸው በኋላ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንዲት ዱካ ብቻ እንዲያዩ አደረገቻቸው። ዱካውን በራሳችሁና በፀሐይ መሀል አድርጉት፣ ጥላው የቀረውን ይነግራችኋል አለች። የጅብ ዱካ ላይ ጥፍር ይታያል፣ የነብር ላይ አይታይም፤ ነብር ስትራመድ ጥፍሯን ትሰበስባለች አለች። ጠርዙ ሹል የሆነ ዱካ የዛሬ ነው፤ ጠርዙ ከፈረሰና ጉንዳን አፈሩን ካንቀሳቀሰው የትናንት ነው አለች። ከሁሉም በላይ ደብተራቸውን ለሁለት እንዲከፍሉ አስገደደቻቸው። በአንዱ በኩል «ያየሁት»፣ በሌላው በኩል «የመሰለኝ»። የመሰላችሁን ያያችሁት ቦታ የጻፋችሁ ቀን ትምህርቱን ትታችሁ ሂዱ አለቻቸው።

እሱ ጎበዝ ተማሪ አልነበረም። ግን በየሳምንቱ ተመላለሰ። በሦስተኛው ወር ከሌሎቹ ተነጥለው በጅረቱ ዳር ሲሄዱ፣ ነፋሱን ለመለካት አቧራ ከመዳፏ ስታንጠባጥብ አየና መዳፏን ያዘው። እጇን አልነጠቀችውም። የሚዳቋ ሴትና ግልገሏ ከፊታቸው እስኪያልፉ ድረስ እንደዚያው ቆሙ፤ ካለፉም በኋላ ቆሙ።

ከተማ ውስጥ ግን ስለ እሷ አልተናገረም። ሦስት ትውልድ ያለፈበት ፋርማሲ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት የአያቱና የአባቱ ዲግሪዎች፣ እናቱ «እንትና እኮ የማን ልጅ ናት» ስትል የምታነሳው ቅንድቧ፣ ይህ ሁሉ ነገሩን ከቅዳሜ ወደ ቅዳሜ እንዲያሳድረው አደረገው። እናቱ ማታ ሲመለስ እንስሶቹ ደህና ናቸው ወይ ትለዋለች። ደህና ናቸው ይላታል።

ዓርብ ጠዋት ከመድኃኒት አስመጪ ጋር ቀጠሮ አለኝ ብሎ ወጣ። በአውቶቡስ ሄዶ ከደኑ ዋና በር አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወረደ። በበሩ ቢገባ ስሙን መዝገብ ላይ ያሰፍሩታል። ስለዚህ ኮቴ ራሷ ባሳየችው የጅረት መንገድ ገባ። ምን ሊያደርግ እንደሄደ ቢጠይቁት፣ ልጎበኛት ነው ይል ነበር። ልቡ ግን ያውቃል።

የጫማዋን ዱካ ለማግኘት አልተቸገረም። የግራ ጫማዋ ሶል ተሰንጥቆ በአግድም የተለጠፈበት ቁራጭ አለ፤ ጭቃ ላይ እንደ ማህተም ይታተማል። ከጎኑ የወንድ ቦት ጫማ ዱካ አለ። ሰፊ ነው፤ እርምጃው ረጅም ነው። ጠርዙ ሹል ነው፤ የዛሬ ነው።

ተከተላቸው። እያንዳንዱ እርምጃ አንድ ነገር ነገረው፤ እያንዳንዱ ነገር አቃጠለው። እዚህ ቆመዋል፤ የጫማዎቹ አፍንጫ ፊት ለፊት ነው። እዚህ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጠዋል፤ ግንዱን የሸፈነው የዛፍ ሽበት ተፍቋል፣ የተጨፈለቀው ቅጠል የሁለት ሰው ነው፣ በመሀላቸው እጅ የሚያስገባ ክፍተት የለም። እዚህ ደግሞ የእሷ እርምጃ አጠር ብሎ የእሱም አብሮ አጥሯል። ሰውየው ለእሷ ሲል እርምጃውን ቀንሷል ማለት ነው። ፋርማሲስቱ ከእሷ ጋር ሲሄድ እንዲህ ቀንሶ ያውቅ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረ። አላስታወሰም። ሁሌ እሷ ነበረች የምትጠብቀው።

ጅረቱ ጋ ሲደርስ ሁለቱም ዱካዎች ውኃው ውስጥ ገቡ። ከማዶ የወጣው አንድ ብቻ ነው። የወንዱ ዱካ ነው። ከበፊቱ የጠለቀ ነው፤ ከባድ ነገር የተሸከመ ሰው ዱካ ይመስላል። የእሷ የለም። ወደ ላይ ሄዶ ፈለገ፤ ወደ ታች ወርዶ ፈለገ። የለም።

ተሸክሞ አሻግሯታል። ካሻገራትም በኋላ አላወረዳትም።

ደም ወደ ጆሮው ሲወጣ ተሰማው። እሷን አቅፎ ጅረት መሻገር አንድ ቀን አስቦ፣ ውኃው ከጉልበት በታች ስለሆነ ትስቅብኛለች ብሎ የተወው ነገር ነበር። ጥልቁን ዱካ ተከትሎ ሽቅብ ወጣ። ቁጥቋጦው ሲሳሳ አያቸው። አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጀርባ በደረታቸው ተኝተዋል፤ ትከሻ ለትከሻ። ሰውየው ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር አንሾካሾከላት። የእሷ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየ። እየሳቀች ነው። ሳቋን አፍና።

አፍና ስትስቅ እሱ ብቻ የሚያውቃት ይመስለው ነበር።

ምን ያህል እንደቆመ አያውቅም። ወደ ኋላ ሲረግጥ ደረቅ ቅርንጫፍ ተሰበረ። ጅግሮች ከሥሩ እየተንጫጩ ተነሱ። ከድንጋዮቹ በላይ፣ እነሱ ሲያዩበት ከነበረው ወገን፣ አንድ አጭር ሻካራ ድምፅ ተሰማ። እነሱ ዞረው ሳያዩት ወደ ቁልቁለቱ ሮጠ። የት እንደሚረግጥ አላየም፤ ውኃውን በጫማው ተሻግሮ እስከ መንገዱ ድረስ ሮጠ።

እዚያው መንገድ ዳር ባለች ማረፊያ ቤት አደረና ቅዳሜ ጠዋት፣ አሁን ከከተማ እንደመጣ ሰው ሆኖ፣ በዋናው በር ገባ። ሊጣላት ነው የሄደው። የሚላትን ሲደረድር ነው ያደረው።

ኮቴ ከጽሕፈት ቤቱ ጎን ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ ቀልቷል። ሰላምታውን በአንገቷ መለሰችና ተከተለኝ አለችው። በጅረቱ መንገድ ወሰደችው። ከማዶ ተሻግረው ቁልቁለቱ ሥር ሲደርሱ ቆመች። መሬቱ ላይ ትናንት የሮጠ የከተማ ጫማ ዱካ በጉልህ ተቀምጧል።

«አንብበው» አለችው።

ሲደረድር ያደረውን ሊጀምር ቀና አለ። እሷ ግን ትጠብቅ ነበር፤ ተማሪ ስትጠብቅ እንደምትጠብቀው። ስለዚህ ተንበረከከ።

«ወንድ ነው» አለ። «የከተማ ጫማ ነው። እየሮጠ ነው፤ አፈሩ ወደ ኋላ ተረጭቷል።»

«የቀኝ ተረከዙስ?»

«ወደ ውጭ ተበልቷል።»

«ከላይ፣ ቁጥቋጦው ሥር፣ ይሄው ሰው አንድ ቦታ ላይ ብዙ ቆሟል። ክብደቱን ካንዱ እግር ወደ ሌላው ሲያዛውር ሣሩን ጨርሶታል። ምን ሲያይ ነበር?»

«ያ ከዱካው አይታወቅም።»

«ታዲያ ከአፍህ ልስማው።»

ነገራት። ስለ ደብዳቤው፣ ስለ «አየን»፣ ሾፌሩ ስላለው፣ ስለ ግንዱ፣ ከጅረቱ ማዶ ስለጠፋው ዱካዋ። ሲጀምር ለክስ ነበር፤ ሲጨርስ ግን የራሱ ድምፅ ለራሱ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለው። ተሸክሞሻል ሲላት ፊቷ ላይ ቁጣ ጠበቀ። የመጣው ግን ድካም ነው። ክንዱን ይዛ ወደ ውኃው ዳር መለሰችውና ከትናንቱ ጥልቅ ዱካዎች አንዱን አሳየችው። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለነበር ጥላው ጉልህ ነበር። በሰፊው ቦት ጫማ ውስጥ፣ መሀል ለመሀል፣ አንድ ጠባብ ጫማ አለ። በአግድም የተለጠፈው ቁራጭ ምልክት ሳይቀር ይታያል።

የረገጠበትን እየረገጥኩ ነው የሄድኩት አለችው። ነብሯ ካለችበት ሲቀርቡ ሽታቸውም ዱካቸውም እንዳይበዛ ሁለት ሰው ባንድ ሰው ዱካ ይሄዳል። የጠለቀው ሁለት ጊዜ ስለተረገጠ ነው። ስቄም ከሆነ ሳቄ በግልገሏ ነው፤ የእናቷን ጅራት ልትነክስ ስትል ተንከባላ ነበር።

«ብትንበረከክ ኖሮ ታየኝ ነበር» አለችው። «አልተንበረከክም። ቆመህ ነው ያየኸኝ።»

ከዚያ የቀረውን ነገረችው። ጅግሮቹ ከተነሱ በኋላ ነብሯ አልተረጋጋችም። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ግልገሎቿን በአፏ አንጠልጥላ ከዋሻው አውጥታለች። አንዷን ይዛ ስትሄድ አይተዋታል፤ ሁለተኛዋን ማንም አላየም። የደኑ አለቃ እነሱን ነው የተቆጡት፤ በቸልተኝነታችሁ ነው ብለዋቸዋል። የዱካ ቡድኑን እንድትመራ ታስባ ነበር፤ ሴት መርታው አታውቅም። አሁን ነገሩ ቆሟል። ይህን ዱካ አለቃው ሲያዩ የማን እንደሆነ ጠይቀዋት ነበር። አላወቅሁትም ብላቸዋለች።

«በሥራዬ ዋሽቼ አላውቅም» አለች። ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። «እኔ ያስተማርኩህ እንስሳ ስትከተል እንዳይሸበር ነው። እንደተከተልከው ሳያውቅ በሰላም ውሎ እንዲገባ ነው። አንተ ግን ትምህርቱን ይዘህ እኔን አደንክበት።»

ይቅርታ ለማለት አፉን ከፈተ። እጇን አነሳችና ዝም አሰኘችው።

«እኔም ቀንቼ አውቃለሁ። በመጋቢት ለአባቴ መድኃኒት ልገዛ ከተማ መጥቼ ነበር። በመስታወቱ አየሁህ፤ አንዲት ሴት ኮሌታህን ታስተካክልልሃለች፣ እናትህ ቆማ ፈገግ ትላለች። አልገባሁም። መድኃኒቱን ከሌላ ቤት ገዛሁና ተመለስኩ። ቅዳሜ ስትመጣ፣ የጥርስ ሐኪሟ ደህና ናት ወይ ብዬ ጠየቅሁህ። ታስታውሳለህ?»

አስታወሰ። ስቆ ነበር ያለፈው። እሷማ ጥርስ እንጂ ልብ አትነቅልም ብሎ ቀልዶ፣ የቀልዱ ብልጠት ራሱን አስደስቶት፣ ስለ ድኩላ ማውራት ቀጥሎ ነበር። እሷ ከዚያች ቀልድ ጀርባ ምን ይዛ እንደዋለች አሁን ነው የገባው።

«እኔ ጠየቅሁህ» አለች። «አልተከተልኩህም።»

ሂድ አለችው። ስትርቅ፣ እንደ ስሟ፣ ምንም ኮቴ አልተሰማም። እሱ እዚያው ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ቀረ፤ ያፈረው በእሷ ፊት ብቻ ሳይሆን በገዛ እጁና እግሩም ፊት ነበር።

ወደ አውቶቡስ ፌርማታው አልሄደም። ወደ አለቃው ቢሮ ሄደ። አለቃው ጠና ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚረሱ ሰው ናቸው። የፋርማሲ ሰውን ሁሉ ዶክተር ነው የሚሉት። ፋርማሲስቱ ሳይቀመጥ የቀኝ ጫማውን አውልቆ ተረከዙን አሳያቸው። የጅረቱ ዱካ የእኔ ነው አለ። ያለፈቃድ እንደገባ፣ ያንን መንገድ ከትምህርቱ እንደሚያውቀው፣ ጠባቂዎቹ እንዳላዩትና ጥፋት እንደሌለባቸው ተናገረ። አለቃው ለምን እንደገባ ሲጠይቁት በቅናት ነው አለ።

አለቃው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አዩት። ሠላሳ ዓመት በዚህ ቢሮ ስቀመጥ እንጨት ቆራጭም አዳኝም ምክንያቱን እንዲህ በአንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም አሉት። ቀጥለው ግን አልራሩለትም። ለአንድ ዓመት ደኑ ውስጥ እንዳይገባ በወረቀት ጽፈው አስፈረሙት፤ ወረቀቱም በሩ ላይ ተለጠፈ። ስሙን በር ላይ ተለጥፎ ሲያየው፣ እሷም ጠዋት ማታ በዚህ በር እንደምታልፍ አሰበና አንገቱ ተቃጠለ።

ከዚያ ያለው ሦስት ሳምንት ረጅም ነበር። በየሳምንቱ ደብዳቤ ላከ፤ በየሳምንቱ ሾፌሩ ባዶ እጁን ተመለሰ። ሰጥቻታለሁ፣ ተቀብላኛለች፣ ምንም አላለችም ይለዋል። ፋርማሲስቱ ጥፋቱን ከልቡ አምኗል፤ ቅናቱ ግን ስላመነው ብቻ ወጥቶ አልሄደም። እንዲያውም አሁን ነው የባሰበት። እሱ አንድ ዓመት በሩን አያልፍም፤ ያ ሰው በየቀኑ ከጎኗ ይውላል። ዱካዋን ይረግጣል ወይ ዱካውን ትረግጣለች። በፋርማሲው ደጃፍ ሞተር ሳይክል ባለፈ ቁጥር ቀና ይላል። ምሳ ሲቀርብለት ይገፋዋል። እናቱ የጨጓራ መድኃኒት ሰጠችው፤ ከዚያ የደም ምርመራ አስደረገችው፤ ምንም አልተገኘበትም።

በአራተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ፣ ሰው ተሰልፎ ሳለ ኮቴ ገባች።

የደንብ ልብሷን እንደለበሰች ነው። ጫማዋ ጭቃ አለው። አላቋረጠችም፤ ከሰልፉ ኋላ ቆመች። ተራዋ ሲደርስ ገንዘብ መቀበያው ላይ ያለችው እናቱ፣ ምን ልታዘዝ የኔ እመቤት አለቻት፤ ዓይኗ ግን ጫማዋ ላይ ነበር። ኮቴ መድኃኒት አልፈለግሁም፣ ልጅዎን ፈልጌ ነው የመጣሁት ብላ በትሕትና መለሰች።

ፋርማሲስቱ ከመደርደሪያው ጀርባ ወጣ። እጁ ላይ የሰው ማዘዣ ይዞ ነበር። ሦስት ደንበኞች ያዩታል፤ የአያቱና የአባቱ ዲግሪዎች ከግድግዳው ያዩታል። ስምንት ወር ያሳደረው ነገር አሁን ሲወጣ ቀላል ሆኖ አገኘው።

«እማዬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የምሄደው እሷ ጋ ነው» አለ። «እንስሶቹን ያስተማረችኝ እሷ ናት። እወዳታለሁ። ቀደም ብዬ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር፤ ፈርቼሽ ነው።»

እናቱ መሳቢያዋን ቆለፈች፤ ቦርሳዋን አነሳች፤ ለምሳ እወጣለሁ አለች። በኮቴ አጠገብ ስታልፍ ቆም አለች።

«ሦስት ሳምንት እህል አልቀመሰልኝም» አለቻት። «ያንቺ ሥራ መሆኑን ባውቅ ኖሮ እኔው ራሴ እመጣልሽ ነበር።»

ለጠብ ይሁን ለልመና ከድምጿ አይለይም ነበር። ምናልባት ለራሷም አልለየላት። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።

ደንበኞቹ እስኪሸኙ ኮቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ከዚያ ሁለቱም ግልገሎች መገኘታቸውን ነገረችው። ነብሯ ሸንተረሩን አልፋ ከአንድ ገደል ሥር አዲስ ቦታ ይዛለች፤ ትናንት ሦስቱም ፀሐይ ሲሞቁ ታይተዋል። ትናንቱኑ ከሰዓት በኋላ አለቃው ቢሮ ጠርተዋት እሱ ምን እንዳላቸው፣ ጫማውን እንዴት እንዳወለቀ ነግረዋታል። የቡድኑ ኃላፊነትም ተመልሶላታል። ደብዳቤዎቹን አንብባቸዋለች፤ ስታነብ መልስ አይመጣላትም ነበር፣ አሁን ግን መጥታለች።

እሱ መስማቱን ይሰማል። ዓይኑ ግን በመስታወቱ አልፎ ወጥቶ ነበር። ከመንገዱ ማዶ፣ ጥላ ሥር፣ ያ ረጅም ሰው ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። እስከዚህ ድረስ ወገቡን ይዛ ነው የመጣችው።

«ግልገሎቹን ማን አገኛቸው?» አለ።

«እሱ ነው።»

ፈገግ ሊል ሞከረና ተወው።

«እየቀናሁ ነው» አላት። «አሁን፣ እዚህ ቆሜ። እሱ ምንም እንዳላደረገኝ አውቃለሁ። ግን አንቺን ያመጣሽ ሞተር ላይ እንኳ እቀናለሁ።»

ኮቴ ዞራ በመስታወቱ አሻግራ ሰውየውን አየችው። ከዚያ፣ ሰውየው መጠየቁ እውነት መሆኑን፣ በጠየቃት ዕለት ልቧ ሌላ ሰው ጋ እንዳለ ነግራው እሱም እንደ ጨዋ ሰው መቀበሉን ነገረችው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅከኝም» አለች። «ደግሞ እኔም ፈርቼ ነበር። ብነግርህ፣ ይሻልሻል ግቢለት ትለኛለህ ብዬ።»

እንዲህ እንደምትፈራ አስቦ አያውቅም። እጁን ዘረጋ፤ የመድኃኒት ሽታ ያለበት እጁን ያዘችው። እጇ ሻካራና ሞቃት ነበር።

«የዕረፍቴ ቀን ሰኞ ነው» አለችው። «አባቴ ቤት ና። ፊት ለፊት፣ በቀን፣ በሩን አንኳኩተህ።»

«እመጣለሁ።»

«ቅናትህንም ይዘኸው ና። ተደብቀህ እንዳትቀናብኝ ብቻ።»

ወጣች። በመስታወቱ ውስጥ መንገዱን ስታቋርጥ፣ ከሰውየው ጀርባ ስትቀመጥ፣ ሞተሩ ጭስ ተፍቶ በአደባባዩ ሲታጠፍ አየ። ደረቱ ውስጥ ያው ነገር ነደደ፤ ዛሬም እንደ ትናንቱ ይነድዳል፤ ምናልባት ነገም ይነድዳል። ግን እሷ ታውቀዋለች። ነግሯታል፤ ሰምታውም እጁን አልለቀቀችም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነድ እያመመው ደስ አለው።